ቅዳሜ ዕለት ስለተለቀሰልህ

ዳንግላ፣ ሐምሌ 14 ቀን

ለራቅከው ጓደኛዬ፤

እንደምን አለህ? ሌላ ጊዜ ይህን የምጽፈው ለወጉ ነበር። ዛሬ ግን የምሬን ነው የምጠይቅህ፤ አለህ ወይ? እኛ ደህና ነን። ዝናቡ እንደ ሁልጊዜው ነው፣ ድንቹ ደርሷል፣ ኢስሃቅም በሰው ላይ መቀለዱን አልተወም። እናትህ ግን ደህና አይደሉም። ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ትንሽ የእኔም አለበት፣ ዋናው ግን የሄቪ ሜታል፣ የዚያ የጩኸት ሙዚቃህ ነው።

አምና ከጫግኒ ማዶ ቆላ ወርደህ ትራክተር ልትነዳ ስትሄድ ያችን ሚሞሪ ካርድ በእናትህ በኩል ትተህልኝ ነበር። አብረን እንሂድ ስትለኝ ጫግኒ ይሞቃል ብዬ እምቢ ስላልኩህ ተኳርፈን ነበርና ምን እንዳለባት አልነገርከኝም። እኔም እልህ ይዞኝ ሁለት ወር ሳልከፍታት ቆየሁ። እውነቱን ንገሪ ካልከኝ ሁለት ቀን ነው።

ስከፍታት የስልኬ ስፒከር የፈነዳ መሰለኝ። መስጊዱ ጎን ስልክ ወደሚጠግነው ኢስሃቅ ይዤው ሮጥኩ። ፈታታው፣ እፍ እፍ አለበት፣ ገጠመው፣ ጆሮው ላይ ለጠፈውና “አንቺ፣ ስፒከሩ ጤነኛ ነው፤ የታመመው የሚዘፍነው ሰውዬ ነው” አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ “እስቲ ድገሚው” አለ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ራሱን ሲነቀንቅ አንድ ደንበኛ ገብቶ ጥርሱን አሞት እንደሆነ ጠየቀው።

እኔም ቀስ እያለ ገባኝ። በመጀመሪያ ከበሮው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ብቻ ነበር። በኋላ ግን ሰውዬው የሚጮኸው ስለተናደደ ብቻ እንዳልሆነ አወቅኩ፤ በልከኛ ድምፅ የማይነገር ነገር ይዞት ነው። ከትራክተር ሞተር በላይ የሚሰማ ሌላ ዘፈን የለም ስትለኝ ስቄብህ ነበር። አሁን አልስቅም።

ኢስሃቅ ሱቅ መስማቱ አልተቻለም። አባቱ “ይህን የጅብ ድግስ ከዚህ አንሱልኝ” አሉ። የት እንሂድ ስንል “የእሱ ክፍል ባዶ አይደል፣ ኑ” ያሉን እናትህ ናቸው። ትልቁ ስፒከርህም እዚያው ነው። ዘፈኑን ወደዱት አልልህም። “እሱ እያለም ቤቱ እንዲህ ነበር የሚጮኸው” ይላሉ እንጂ። ድምፁን ስንቀንስ ከጓዳ “ምን ሆናችሁ?” ብለው ይጣራሉ።

እንግዲህ ቅዳሜ። ሰው ከገበያ የሚመለስበት ሰዓት ነው። እናትህ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ለእሑድ ማኅበር ሽንኩርት ይከትፋሉ። ሽንኩርቱ ኃይለኛ ሆኖ እንባቸው ይወርዳል። ከጀርባቸው፣ ካንተ ክፍል፣ ጊታሩ ዝም ብሎ ሰውዬው ብቻውን የሚያጓራበት ዘፈን እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ጎረቤታችሁ ምህረቴ በአጥር በኩል አየች። ምህረቴን ታውቃታለህ፣ ወሬ እጇ ላይ አይበርድም። ከፋሲካ ወዲህ የልጃቸው ድምፅ የጠፋባቸው እናት ያነባሉ፣ ከልጁ ክፍል ወንድ ይጮኻል። ምን ትጠይቅ? ለቅሶ ቤት ማን ይጠይቃል? ነጠላዋን አዘቅዝቃ በቀጥታ ወደ ጋሼ ይሄነው ሄደች። የእድሩ ጸሐፊም ጥሩምባ ነፊም እሳቸው ናቸው።

ጥሩምባው ተነፋ። እኛ አልሰማንም፤ ከሄቪ ሜታል ጋር ጥሩምባ ምን አቅም አለው። እናትህ ቢላዋቸውን እንደያዙ ቀና ሲሉ አገር ምድሩ ስምህን እየጠራ፣ እያለቀሰ ይገባል። ይህ መርዶ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ቢላዋውን ጥለው ደረታቸውን መቱ። ሰዉ እሳቸው የሰሙ መስሎታል፣ እሳቸው ሰዉ የሰማ መስሏቸዋል። ሐዘናቸው ሲብስ ወደ አዊኛ ገቡ፤ አዊኛ የማይሰማውም አብሮ ተንሰቀሰቀ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጫጫታው ግን አላቆመም። ኢስሃቅ “ይሄ ደግሞ ባለፈው አልነበረበትም” አለ። በሩን ከፈትን። ስምህን ሰማሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ ብዙም አላስታውስም። ሌሎቹ ግን በደንብ ያስታውሳሉ፣ ይነግሩሃልም፤ የሚነግሩህን ሁሉ አትመን። መሬት ላይ ወድቃ “ጫግኒ ይሞቃል ያልኩት ለሰበብ ነው” እያለች አለቀሰች ይላሉ። ሰው ለቅሶ ላይ ስለ አየር ጠባይ አያነሳም እንዴ? ኢስሃቅማ አለቀቀኝም። ያ ዘፋኝ ቢሰማሽ ማይኩን አስረክቦሽ ይሄድ ነበር ይለኛል።

ነገሩን የገለጡት ጋሼ ይሄነው ናቸው። ድንኳን ሳይተከል መዝገብ መሙላት አለባቸውና “መርዶውን ማን አመጣው?” አሉ። ሁሉም ወደ እናትህ ዞረ። እናትህ “እናንተ ናችሁ እንጂ” አሉ። ምህረቴ “እኔ ጩኸቱን ሰምቼ ነው” አለች። “የማንን ጩኸት?” ሲባል ኢስሃቅ አንገቱን ደፍቶ ገባና ዘፈኑን ከፈተላቸው። ያ ሁሉ ሰው ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ጋሼ ይሄነው መዝገባቸውን አጥፈው “ለመሆኑ እሱስ ማን ሞቶበት ነው?” አሉ።

ያን ጊዜ ተሳቀ። እናትህ ግን አልሳቁም። “መሞቱን የነገረኝ የለም ትላላችሁ፤ መኖሩንስ ማን ነገረኝ?” አሉ። ዛሬ አምስተኛ ቀን ነው፣ ነጠላቸውን አላቀኑም። የነፍስ አባታቸው መጡ፣ ጋሼ ይሄነው ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ፤ ለሁሉም መልሳቸው “ድምፁን ልስማ” ነው። ብንደውልም ስልክህ ጥሪ አይቀበልም። ክፍልህን ዘግተነዋል። ቤቱ ውስጥ ምንም አይጮኽም።

ይህን ደብዳቤ እህል ለሚጭነው ለተሻገር ሰጥቼዋለሁ፤ ጫግኒ መለዋወጫ የምትገዛበት ሱቅ ያኖርልሃል። የምታነበው ከሆነ አለህ ማለት ነው። እናትህ ግን ወረቀት አያምኑም። ኔትወርክ እስክታገኝ ድረስ ዳገቱን ውጣና ደውልላቸው።

እግዚአብሔር ከቆላ ወባ ይጠብቅህ፤ ስትጮኽ የሚሰማህ ሰው አያሳጣህ።

የእናትህን ስልክ ከኢስሃቅ ጋር በየተራ ልንይዝ ተስማምተን ነበር። እስካሁን ተራው አልደረሰውም። ስለዚህ ስትደውል የማነሳው እኔ ነኝ። ሃሎ ብለህ መልስ ካጣህ ኔትወርኩ ነው ብለህ አትዝጋው። ትንሽ ጠብቀኝ።

የእናትህ ስልክ ያዥ፣
ጓደኛህ