የቫዲቩ ቢጫ ቋጠሮዎች

ማሲ ወር 4፣ ማክሰኞ

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ውሃ ራሴ እቀዳለሁ። ላሚቱን ራሴ አልባለሁ። አጭሯን የኮኮናት ዛፍ አሁንም እወጣለሁ፤ ልጄ ማራገታም እንዳታይ የመውጫ ገመዴን ከጭድ ሥር ደብቄዋለሁ። ጥርስ ዘጠኝ። ሪዜ ግን ሙሉ ነው... ጠዋት ጠዋት በጉሎ ዘይት ጠምዝዤ ወደ ላይ አቆመዋለሁ። በሃምሳ አምስት ዓመት አንድ ቀን ተጋድሞ አያውቅም።

ፊደል የቆጠርኩት ማራገታም አንደኛ ክፍል ስትገባ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው። ዝግ ብዬ ነው የምጽፈው። ማን ያስቸኩለኛል?

ዛሬ አይጥ ሳባርር ዋልኩ። ከጸሎት መደርደሪያው ኋላ ገባች። የአምላኩን ሥዕል ባነሳ አንድ ቆርቆሮ ቁጭ ብሏል። ውስጡ ሦስት ቢጫ ቋጠሮ። በእርድ የተነከረ ጨርቅ፣ መሃሉ ሳንቲም። የሚስቴ የቫዲቩ እጅ ነው። እንደ እሷ አጥብቆ የሚቋጥር የለም።

ሰው ሲታመም ሳንቲም ይቋጠርና ለኮረብታው ጌታ፣ ሥዕሉ ላይ ላለው አምላክ፣ ይሳላል። ስለቱ ሲገባ ይፈታል። እስከዚያ ቋጠሮውን መፍታት ነውር ነው። እንግዲህ እነዚህ ሦስቱ አልገቡም ማለት ነው። ሚስቴ ከሞተች ዘጠኝ ወሯ። እኔ የሰው ዕዳ ኖሮብኝ አያውቅም። አሁን የአምላክ ዕዳ፣ ያውም ሦስት። ምን ብላ እንደተሳለች ደግሞ ጨርቁ አይናገር።

አይጧ አልተገኘችም።

ማሲ 5፣ ረቡዕ

በጨርቁ ላይ ዳበስኳቸው። አንዱ አራት ማዕዘን፣ የድሮው አምስት ፓይሳ። ሁለተኛው ዳር ዳሩ እንደ አበባ፣ እሱም የድሮ። ሦስተኛው ስስ። አዲስ ነው።

ማራገታም ምሳ ይዛ መጣች። ጠየቅኳት።

«እማዬ ይሄን ለእኔ መቼ ትነግረኛለች? ለአክስቴ ለራማታል ነው እንጂ። ኮረብታው የሚሄዱት ሁለቱ አልነበሩ?»

«ሌላ የሚያውቅ የለም?»

«የለም።»

«እስቲ አስቢ።»

«አባዬ፣ ካኮረፍካት አሥራ አንድ ዓመት ሆነህ። በአንድ ማንጎ።»

በአንድ ማንጎ አይደለም። በትልቁ ማንጎ ነው። የዓመቱ የመጀመሪያ፣ ከእኔ ዛፍ፣ እኔ ወጥቼ ያወረድኩት። ራማታል የሚስቴ እህት ናት ብዬ እንድታድል ፈቀድኩላት። ትልቁን አንስታ ለዚያ ለወፍራም አማቿ። ተነስቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

የኮረብታው ጌታስ ምን አደረገ? በልጅነቱ አንድ ማንጎ ዓለምን ቀድሞ ለዞረ ነው ተባለ። እሱ በጣዎሱ ተቀምጦ ባሕሩን ተራራውን ዞሮ ሲመለስ፣ ወፍራሙ ወንድሙ አባትና እናቱን አንዴ ዞሮ «ዓለሜ እናንተ ናችሁ» ብሎ በልቶ ጨርሷል። ልጁ ራሱን ተላጨ፣ ግልድሙን ታጠቀ፣ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ቆመ። እስከ ዛሬ አልወረደም።

እኔ ካኮረፍኩ ገና አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

ማሲ 7፣ ዓርብ

ሄድኩ።

ራማታል በረንዳዋ ላይ እግሯን ዘርግታ የሁመር ፍሬ ትፈለፍላለች። ቀና ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

«ማንጎ የለም» አለች። «ወቅቱ አይደለም።»

«ለማንጎ አልመጣሁም።»

«እሱ እንኳ ሲያኮርፍ ኮረብታ ወጣ። አንተ ቤትህ ቁጭ ብለህ የምታኮርፍ፣ ምን ዓይነት አኩራፊ ነህ?»

ልመለስ ነበር። የቫዲቩን ቆርቆሮ አሰብኩ። ቁጭ አልኩ። ቋጠሮዎቹን ከፊቷ ደረደርኩ። አንድ በአንድ አነሳቻቸው።

«ይሄ ከዛፍ የወደቅህ ጊዜ ነው። ክብደቱን ያህል ጥቁር ስኳር አገባለሁ አለች። ያኔ እንጨት ነበርክ፣ በርካሽ ያልቅ ነበር። አሁን ያንን ሆድ ይዘህ...»

«ቀጥይ።»

«ይሄ ተስቦው። የኮረብታውን ደረጃ ከሥር እስከ ላይ፣ እያንዳንዱን እርድና ቀይ ዱቄት እየቀባ ይወጣል አለች።»

«እሱ ማነው?»

«አንተ ነሃ።»

«ይሄ የሴቶች ስለት አይደለም እንዴ?»

«ለእሷ ንገራት።»

ሦስተኛውን ስታነሳ ከንፈሯን ነከሰች። ሁመሩን ወደ ጎን ገፋች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቋ ነው። በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ልትናገር ትጀምራለች፣ እንደገና ትስቃለች።

«ያቺ ሆድህን የቀደዱህ ጊዜ» አለች በመጨረሻ። «'ራማታል፣ ቤቱ ውስጥ ውዱ ነገር ምንድነው?' አለችኝ። ላሚቱ ናት አልኳት። 'አይደለም' አለች። 'ሪዙ ነው፤ ከዳነ ተላጭቶ ይስጥ' አለች።»

ውሸታም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስታዘጋጀው የኖረች ውሸት ናት። እንደዚያው አልኳት።

«እንግዲህ ሂድና እሷን ጠይቃት» አለች። ሁመሯን መፈልፈል ቀጠለች። አሁን ግን አትስቅም ነበር።

ማሲ 8፣ ቅዳሜ

ጥጥ ነጋዴው ጋ ሄጄ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ስድሳ ስምንት ኪሎ። ሚዛኑ ልክ አይደለም አልኩት። ከእኔ ቀጥሎ ፍየል መዘነ፤ ባለፍየሉ ልክ ነው አለ። ፍየሉ ምን ያውቃል።

ዛሬ የጠጣሁት አሬራ ብቻ ነው። ሦስት ቀን ብታገሥ ሁለት ኪሎ ስኳር ይቀንስልኛል። ማራገታም ሩዙን እንዳለ አግኝታ፣

«አባዬ አሞሃል?»

«ለአምላክ ነው።»

«አምላክ 'ሚዛኔን እንዳታታልል' ብሏል።»

የእናቷ አፍ ነው።

ማሲ 9፣ እሑድ

አማቼ፣ የማራገታም ባል ዳንዳፓኒ መጣ። እጁን አጣምሮ፣ በትሕትና። «ስለት በሰው እጅ ማስገባትም ይቻላል አሉ። እርስዎ በገመድ በሚጎተተው ባቡር ይውጡ፣ ደረጃውን እኔ እቀባለሁ፣ የሚላጨውንም እኔ እላጫለሁ።»

ከንፈሩን አየሁት። እንደ እንቁላል ነው።

«ምንህን ነው የምትላጨው?» አልኩት።

ማራገታም ወደ ጓዳ ሮጠች። ስትስቅ ተሰማኝ።

ዕዳው የእኔ ነው። እኔ ነኝ የዳንኩት። ግን ሪዙ... ራማታል ዋሽታ ከሆነስ? ተላጭቼ ስወርድ በረንዳዋ ላይ ቆማ ለመንደሩ ስታሳየኝ ይታየኛል። እውነቷን ከሆነስ? ቫዲቩ ቃሏን ሰጥታ፣ እኔ ለከንፈሬ ሳስቼ... እዚያ ሆና ፊቷን ወዴት ታደርገዋለች?

የመንደሩን ካህን ግማሹን ብቻ መላጨት ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩት። የትኛውን ግማሽ አለኝ። ሰው ሲያስቸግር።

የሐኪም ቤቱን ጊዜ አስባለሁ። ሆዴን ሊቀዱኝ ሲሉ ቫዲቩ አጠገቤ ነበረች። እንቅልፍ ወሰድ አርጎኝ ከንፈሬን የሆነ ነገር ወጋኝና ነቃሁ። «ጉንዳን ነው፣ ገድዬዋለሁ፣ ተኛ» አለችኝ። ያን ቀን እንኳ ስለ ሪዝ ምንም አላለችም። ብትሳል ትነግረኝ አልነበር?

አትነግረኝም። እንቢ እንደምል ታውቃለች።

ማሲ 10፣ ሰኞ

ነገ እሄዳለሁ። ሪዙን ዘይት ቀባሁት። ሁለቴ።

ማሲ 12፣ ረቡዕ

ትናንት ጣቶቼ አልታዘዝ ብለው ነው ያልጻፍኩት።

ከልጄና ከባሏ ጋር ኮረብታው ሥር ስንደርስ ራማታል አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀምጣለች። ማንም አልጠራት።

«ምን ታደርጊያለሽ እዚህ?»

«በዓይኔ ላየው ነዋ።»

መላጫው አዳራሽ ገባሁ። ላጩ ውሃ አርከፈከፈብኝ። ራሴን ሊይዝ ሲል፣ «ራስ አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ ምንድነው አባቴ?»

አሳየሁት። ምላጩን አስቀመጠ። ጓደኞቹን ጠራ። አምስት ላጭ ዙሪያዬን ቆሞ አየው። አንዱ ሽማግሌ «ያሳዝናል» አለ። ከሁሉም እሱ ነው ሰው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ምላጩ አራት ጊዜ ጨር ጨር አለ... አለቀ። ሃምሳ አምስት ዓመት፣ አራት ጊዜ።

ንፋሱ እንዲያ ቅርብ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ስወጣ ራማታል አየችኝ። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷን አዞረች። «የሠርጉ ቀን ልጅ መስለሃል» አለች፣ ወደ ኮረብታው እያየች። «ያኔ ገና ሪዝ አልነበረህም።»

ደረጃውን ጀመርን። ማራገታምና ዳንዳፓኒ ስኳሩን ይዘው በባቡሩ ወጡ። እኔ ጎንበስ፣ እርድ፣ ቀይ ዱቄት፣ ቀና። ጎንበስ፣ እርድ፣ ቀይ ዱቄት፣ ቀና። መቶ ሰባ ላይ ጎንበስ አልኩና ቀናው ቀረ። ራማታል ምንም ሳትል ቀይ ዱቄቱን ከእጄ ወሰደች። እኔ እርዱን፣ እሷ ዱቄቱን። ሁለት መቶ ሠላሳ ሰባት ነው ስል ሁለት መቶ አርባ ነው ትለኛለች። እየተጨቃጨቅን ጦጣ መጣና የእርዱን ከረጢት ነጥቆ ሄደ። ዛፍ ላይ ሆኖ ቀመሰው። ፊቱ እንደ እኛ ስለት ቢጫ ሆነ። ራማታል ከሻጩ ሌላ ገዛች።

መሃል ላይ የኢዱምባን ቤተ ጸሎት አለ። ሁለት ኮረብታ በአንድ እንጨት ተሸክሞ የመጣው ግዙፉ። ሊያርፍ ብሎ አስቀመጣቸው፣ መልሶ ሊያነሳ ቢል እንቢ። ቀና ቢል ያ ያኮረፈው ልጅ በግልድሙ አንዱ ላይ ቆሟል። የእኔ ነው፣ አልወርድም። እዚያ ጥላ ስር ቁጭ አልኩ።

«ተነስ» አለች ራማታል።

«ትንሽ ልረፍ።»

«ግዙፉም እንደዚያው ብሎ ነው። እሱ ኮረብታውን አሳርፎ ማንሳት አቃተው፣ አንተ ቂጥህን።»

ሳቅኩ። ከእሷ ጋር ሳቅኩ። ከዚያ እኔን ሊያነሱ ሦስት ሰው መጣ። ራማታልን ደግሞ ሁለት።

ላይ ስንደርስ ስንት ደረጃ እንደሆነ አልተስማማንም። በሦስት ትበልጠኛለች።

የስለቱ ሚዛን ላይ ተቀመጥኩ። ስድሳ ስምንት ከነምናምኑ። አሬራው ምንም አልፈየደም። ዳንዳፓኒ ስኳሩን በትከሻው ሲያመላልስ፣ እንደ እንቁላልም ሆኖ ጎበዝ ልጅ ነው።

ከዚያ ቋጠሮዎቹን ፈታሁ። አራት ማዕዘኑ፣ ሳንቲም። አበባው፣ ሳንቲም። ሁለቱን ወደ ስለት ሣጥኑ ጣልኩ። ሦስተኛው በጥርስ ነው የተፈታው፣ እንዳልኩት አጥብቃ ትቋጥራለች። ስሱ ሳንቲም ወጣ። ከሱ ጋር ደግሞ አንድ ፀጉር። ነጭ፣ ወፍራም፣ ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ። እስካሁን የጉሎ ዘይት ይሸታል።

ያ የሐኪም ቤቱ ጉንዳን።

ለራማታል አሳየኋት። «ውሸታም ብለኸኝ ነበር» አለች።

«ብዬ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ... በደረጃው ቁጥር ግን ተሳስተሻል።»

ሳንቲሙን ጣልኩ። ፀጉሩን... የሷ ነው፤ ቆርቆሮው ውስጥ መለስኩት።

ማሲ 15፣ ቅዳሜ

ላሚቱ አልታለብም አለች። አላወቀችኝም። በድምፄ አሳመንኳት።

ማሲ 18፣ ማክሰኞ

የራማታል ጉልበት ዱባ አክሏል። ከደረጃው ነው። ሾርባ ይዤ ሄድኩ። «ማን ነህ አንተ? ልጁን አላውቀውም» አለች። ሐኪሙ ከእንግዲህ መራመዷን እንጃ አለ። ለእሷ እንዳትነግሩ አለን። ሰምታለች፤ ጆሮዋ ደህና ነው። አልሳቀችም።

ወደ ቤት ስመለስ ከጥጥ ነጋዴው ቢጫ ጨርቅ ለመንኩ።

ማሲ 25፣ ማክሰኞ

ሪዙ ብቅ ብሏል። ይወጋል። ወደ ታች ነው የሚያድገው፣ ምን ሊሆን ነው?

ራማታል ዛሬ በዱላ እስከ በረንዳዋ ወጣች። ሁለት እርምጃ። ሦስት ነው አለች። እሺ፣ ሦስት።

እኔ እንደ ቫዲቩ አጥብቄ መቋጠር አልችልም። ለዚህ ነው እዚህ የምጽፈው፣ ኋላ ማንም ሳንቲም እንዳይዳብስ። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ዕዳ የእኔ ነው። ራሴ ነኝ የምከፍለው፤ ዳንዳፓኒ እጁን እንዳያስገባ።

ትልቁ ቋጠሮ፦ ራማታል በእግሯ ከሄደች ደረጃውን እንደገና፣ እርድም ቀይ ዱቄትም ብቻዬን። ቁጥሩን እሷ ትቁጠር።

ትንሹ፦ ሪዙ ወደ ላይ ከቆመ አንድ ጣዎስ እስኪጠግብ እህል። ካልቆመም ግማሽ።

ጨርቅ ያልበቃው፦ ማንጎ ሲደርስ የመጀመሪያውን፣ ትልቁን፣ ራሴ ወጥቼ አውርጄ ለራማታል። ይሄ ለአምላክ የተሳልኩት አይደለም። ገመዱ ከጭዱ ሥር ነው።