ስለ ነግላ ሊጠይቅ የመጣው ሰው

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለአብደልመውላ፤ ኩዌት

እንደምን ሰንብተሃል ጋሼ? ወገብህን ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ከሪማና ልጆቹስ ሙቀቱን እንዴት ቻሉት? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። እንቅልፍ የነሳኝ የልጄ የነግላ ጉዳይ ነው፤ በስልክ የሚወራ ስላልሆነ ጻፍኩልህ።

ነግላ በሕግ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ መመረቋን ታውቃለህ። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አመልክታ ፈተናውን አለፈች፤ ስሙን ወረቀት ላይ አላሰፍርም። የቀረው ማጣራቱ ነበር። ሰው ልከው ቤተሰቡ «የሚመጥን» መሆኑን ከጎረቤት ይጠይቃሉ።

ሰውየው የመጣ ዕለት እኔ እህል ልገዛ ደመንሁር ከተማ ሄጄ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ባዩሚ ዘንድ ተቀምጦ «ይሄ ምስር ነጋዴው መግዲ ምን አለው? እንዴት ነው የሚኖረው?» አለ። እንዲህ የሚጠይቅ እንግዳ ለባዩሚ ግብር ሰብሳቢ እንጂ ሌላ አይደለም። «መግዲ? ኧረ እሱ ምስኪን ነው ጌታዬ! ሱቁም የሰው ነው። እኔ እንኳን በነጻ ነው የምላጨው» አለው። እዚያው ሻይ የሚጠጡት ጎረቤቶችም «ልጆቹን የምናበላው እኛ ነን» ብለው አገዙት።

ስመለስ ባዩሚ መንገድ ላይ አቀፈኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ አተረፍኩህ! ጠቦት ካላረድክልኝ አልለቅህም!» አለኝ። «ስለ ነግላ ጠይቋል?» አልኩት። «አዎ፤ እሷማ ሱቅ እየጠረገች ነው ያደገችው አልኩት» ሲለኝ ሰውየው ከመሥሪያ ቤቱ የተላከ መሆኑ ገባኝ። ግን አልተቆጣሁትም። እኔም ለእሱ እንዲሁ ዋሽቼለት አውቃለሁ።

ከቀናት በኋላ ሰውየው ራሱ ሱቄ መጣ። «ሱቁ የማነው?» አለኝ። ለግብር ያስመዘገብኩት አንዱን ሱቅ ብቻ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ድሃ ነኝ ብል ልጄ ቀረች፤ ያለኝን ብናገር ራሴን አሳልፌ ሰጠሁ። «የእኔ ነው። ባቡር ጣቢያው ዳር ያለውም፣ መጋዘኑም የእኔ ነው» አልኩት።

«ጥሩ ነው ሐጅ። ትምህርትስ?»

«እስከ ስድስተኛ።»

«እናቷስ?»

«አልተማረችም።»

ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ ነገር የለም። የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ ሄደ።

ይህን ለነግላ ስነግራት «አባዬ፣ ባዩሚን እንዳትቀየመው። እውነቱን ቢናገርም ያው ነበር። አብሮኝ የተማረው የዳኛው ልጅ ዓመት ደግሞ ነው የተመረቀው፤ እሱ ግን እዚያው ተቀጥሯል፤ የእነሱን ሰፈር ማን ሄዶ ጠየቀ?» አለችኝ። እኔማ ጋሼ፣ ገንዘብ ከተገኘ ሌላው ይከተላል ብዬ ነበር የለፋሁት።

የሥራዋ መልስ እስካሁን አልመጣም። የግብር ሰዎች ግን ሰኞ መጡ፤ ሁለቱንም ሱቅ መጋዘኑንም አገላብጠው አዩ። ምናልባት የጣቢያውን ሱቅ እሸጠው ይሆናል። አንተ ግን እንዳትጨነቅ፤ ምንም እንዳትልክ።

ለከሪማ አክብሮቴን አቅርብልኝ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ። ባለቤቴ ሱዓድ ሰላም ብላሃለች፤ እናታችን ድምፅህን ናፍቃለችና ደውልላት። ነግላም እጅህን ትስማለች። ከትናንት ጀምሮ ሱቅ ገብታ ምስር ትመዝናለች። መልሱ እስኪመጣ እንኳ ሰው አይይሽ፣ ቤት ቆይ ብላት፣ «ስለ እኔ ሊጠይቁ ተመልሰው ከመጡ እዚሁ ያግኙኝ» አለችኝ።

ወንድምህ መግዲ

ጣንታ፣ ኖቬምበር 9