ጋቢ የምትለዋ መስመር

እናትዓለም፣

ለቀብር አገር ቤት መሄዴ ነው፤ ጀልባው አይጠብቀኝም። ቁልፉን እማማ ወለተ ሚካኤል ዘንድ ታገኚዋለሽ። ዓሣውን ዛሬውኑ ጥበሺው፣ አያድርም።

አጎቴ አያ አገኘሁ አረፉ። የኅብረት እርሻው መውቂያ ማሽን ጋቢያቸውን ይዞ ጎተታቸው።

ለማሽኑ መመሪያ «ጋቢ የደረበ ሰው አይጠጋ» ብዬ ጽፌ ነበር። አንቺ ስታርሚው፣ ገበሬን ጋቢህን አውልቅ ማለት ድፍረት ነው ብለሽ «ሰፊ ልብስ ክልክል ነው» አደረግሽው። ለክብራቸው አስበሽ እንደሆነ አውቃለሁ።

እሳቸውም መመሪያውን አስነብበው፣ ሱሪያቸውን ገበያ ወስደው አስጠብበውት ነበር። ማሽኑ አጠገብ ሲሠሩ የዋሉት በዚያው ሱሪ ነው። ከባሕር ዳር የእኛ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጡ ሲባሉ ግን፣ እንግዳ ፊት ያለ ጋቢ መቆም ነውር ነውና ደረቡ።

ትናንት በሩን ፊትሽ ላይ የዘጋሁት...
ተይው። ስመለስ።

መመሪያው ሰኞ እንደገና ማተሚያ ቤት ይገባል። እባክሽ ያችን መስመር እንደነበረች መልሻት። ገበሬው ቢቀየመን ይቀየመን።
አያ አገኘሁም ምነው ተቀይመውኝ በኖሩ።

አገርነሽ