የመርዶ ነጋሪው ልጆች

ወንድም ዓለም፣ እንዴት ሰንብተሃል? ከሁሉ በፊት ሁላችንም በሕይወት አለን። ደብዳቤውን ከፈለግህ ቆመህ አንብበው፤ የሚያስቀምጥ ወሬ የለበትም። ሌላ ሰው ቢያየው ምን ዓይነት ሰላምታ ነው ብሎ ይስቅብኝ ነበር፤ አንተ ግን በእኛ ቤት ወሬ ከዚህ እንደሚጀምር ታውቃለህ። ጤናህስ? ያ ቀስፎ የሚይዝህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? የምትሠራበት መጋዘን ማሞቂያ ገባለት ወይስ አሁንም ሁለት ሹራብ ደርበህ ነው የምትውለው? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው?

እኛ ደህና ነን። አባባ ጉልበቱ እምቢ ብሎታል እንጂ ሬዲዮውን በማለዳ ከፍቶ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል። እማዬ መነጽር ታዞላት፣ ካደረገችው ወዲህ የቤቱን አቧራ አንድ በአንድ ስላየችው እኔ አበሳዬን እያየሁ ነው። ልጄ ድንቡሼ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ሳቋ የሽማግሌ ሆኗል።

ይህን የምጽፍልህ ግን ፈርቼ ነው። ነገሩን ሳላብራራ የሚገባው ከአንተ ሌላ ሰው የለኝም።

ያደግንበትን የወታደር ካምፕ እንዳልረሳኸው አውቃለሁ። አባባ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሲሠራ፣ ግንባር ላይ የሞቱት ሰዎች ዝርዝር መጀመሪያ እሱ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚያርፈው። ከዚያ ፖስታውን ይዞ በቆርቆሮ ቤቶቹ መሃል ይወጣል። ልብስ የምታጥበው ሴት እጇን ሳሙናው ውስጥ እንደነከረች ትደርቃለች፤ ሌላዋ በሯን ትዘጋለች፣ በር የዘጋ ሰው የሚታለፍ ይመስል። ለጨው ብድር ጎረቤት ቤት ጎራ ያለ ቀን እንኳ አንዷ ገና ሲያንኳኳ ራሷን ስታ ወደቀች። «ጥቁሩ ፖስታ» ነበር የሚሉት። ፖስታው ግን ቡናማ ነበር። እኛን ሴቶቹ ከረሜላ እያስያዙ «አባታችሁ ዛሬ ወዴት ነው የሚሄደው?» ይሉን ነበር፤ አንተ ከረሜላውን ትቀበልና «እንጃ» ትላለህ። ልጆቹ እኛ ስንመጣ ኳሷን ያቆማሉ። አንድ ቀን «የጥቁሩ ፖስታ ልጅ» ያለህን ልጅ ደብድበህ፣ ከንፈርህ አብጦ መጥተህ፣ ማንም አባትህን የማያውቅበት አገር እሄዳለሁ ብለህ ማልክ። ይኸው ሄድክ። እኔ ቀረሁ።

እንደምታውቀው ጤና ጣቢያው ውስጥ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ሥራዬ ካርድ ማውጣትና መመለስ ነው፤ ከሰው ጋር የምገናኘው በመስኮቷ ቀዳዳ በኩል ብቻ ነው፣ እሱም ተስማምቶኝ ነበር። ባለፈው ወር ግን ከሕንፃ ላይ የወደቀ አንድ ግንበኛ አመጡ፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ ሞተ። ድሮ እንዲህ ሲሆን ለቤተሰብ የሚደውለው ዘበኛው ነበር። «ኑና ውሰዱ» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። በእሱ ጥሪ የመጣች አንዲት እናት መንገድ ላይ ወድቃ መኪና ሊበላት ለጥቂት ተረፈች። ስለዚህ ኃላፊዋ ሲስተር ካርድ ክፍል ድረስ መጥታ «አንቺ ከወታደር ቤት የወጣሽ ነሽ፣ ልብሽ ጠንካራ ነው። ቤቱ ድረስ ሄደሽ ለሚስትየዋ ንገሪልኝ» አለችኝ።

የሰውየውን ካርድ እንደያዝኩ አሮጌ ካርድ የሚከማችበት ክፍል ገብቼ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እዚያ ወረቀት መሃል እንደ ሕፃን ኩርምት ብዬ ተቀመጥኩ። ስወጣ ወደ ሴትየዋ ቤት አልሄድኩም፤ ወደ አባባ ሄድኩ።

አባባ በረንዳ ላይ ጫማውን ይጠርጋል። ነገሩን ስነግረው ብሩሹን አስቀመጠ። ከዚያ ዕድሜዬን ሙሉ ያልነገረኝን ነገረኝ። «መጀመሪያ የተላክሁበትን ቤት ተሳስቻለሁ» አለ። በስምም በአባት ስምም አንድ የሆኑ ሁለት ወታደሮች ነበሩ። አባባ ቸኩሎ የሟቹን አያት ስም ሳያነብ ቀረና ባሏ በሕይወት ላለ ሴት ነገራት። ሴትየዋ ስታለቅስ ውላ አደረች። በማግስቱ ተመልሶ «ተሳስቼ ነው፣ ባልሽ አለ» ሲላት እግሩ ላይ ተደፍታ ትስመው ጀመር። «እሷ እግሬን ስትስም አራተኛው በር ላይ የቆመችው የሌላኛው ወታደር ሚስት ታየን ነበር። ምንም ሳልላት ገባት» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አባባ ዝም ያለው ለዚህ ይሆን ወንድም ዓለም? እኛ እኮ ቁጡ ስለሆነ ይመስለን ነበር።

ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ተጎድቷል አትበያት፤ ደክሟል አትበያት። ሞቷል በያት። ያለዚያ ተስፋ ሰጥተሽ መልሰሽ ትነጥቂያታለሽ። ሰው ሳይመጣላትም ትተሻት እንዳትወጪ።» ብድግ ብዬ ስሄድ ከኋላዬ የበትሩን ኳኳታ ሰማሁ። ኮቱን ደርቦ እያነከሰ እየተከተለኝ ነው። ተመለስ ብለው አልሰማ አለ።

ሴትየዋ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሞቷል አልኳት። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። አልጮኸችም። «ምሳውን እኮ ረስቶ ነው የሄደው» አለች፤ ደጋግማ ይህንኑ አለች፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳህን እያሳየችኝ። ከዚያ የእጅጌዬን ጫፍ ጨብጣ አልለቅ አለች። ድስቱ ሲያር ደጅ የቀረው አባባ ሸተተውና ገብቶ ምድጃውን አጠፋ። እህቷ እስክትመጣ እኔ መሬት ላይ፣ እሱ በርጩማ ላይ ተቀመጥን። ስንመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «ከእኔ ጋር የሄደ ሰው ኖሮ አያውቅም ነበር።»

አሁን ጤና ጣቢያው መርዶ የመንገሩን ሥራ በቋሚነት ያዥው ብሎኛል። አባባ «እምቢ በይ፣ በልጅሽ ይዤሻለሁ» አለኝ። እማዬ ደግሞ «ታዲያ ማን ይሂድ? ዘበኛው?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ በሁለቱ መሃል ስዋልል ድንቡሼ ከትምህርት ቤት መጣችና ቦርሳዋን ሳታወርድ «ጓደኛዬ እናትሽ እኛም ቤት ትመጣለች ወይ አለችኝ። ምን ልበላት?» አለችኝ። ያ ካምፕ ሃያ አምስት ዓመት ተጉዞ እቤቴ የገባ መሰለኝ።

ሰኞ ዕለት ግን እሺ አልኩ። ብቻዬን አልሄድም፣ ሁልጊዜ ሁለት ሆነን ነው ብዬ አስፈርሜያለሁ። ለምን እሺ እንዳልኩ ብትጠይቀኝ፣ የጨበጠችኝ እጅ ነው መልሴ፤ ሌላ የለኝም። አትቆጣኝ። ልጄን ምን እንዳደረግኋት ገና አላውቅም፤ ሌሊት ሌሊት የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። በማግስቱ የቀሚስ ዚፕ ላስቀይር ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ብቅ ስል፣ ሴትየዋ መቀሷን ጥላ ብድግ አለች። የያዝኩትን ቀሚስ ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ተሳሳቅን፣ መቀሷን ከመሬት ያነሳሁላት ግን እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሬ ያገኘሁትን ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሰላም እላለሁ፤ የሌለኝን ሳቅ ሁሉ እስቃለሁ። ሰፈርተኛው በየበሩ ሆኖ ያለ መርዶ፣ ባዶ እጄን እየመጣሁ መሆኔን እንዲያውቅ ነው።

ለባለቤትህ የእህትነት ሰላምታዬን አድርስልኝ። ትልቁን ልጅህን ግንባሩን፣ ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ ሹራብህን ሦስት አድርግ ብላለች። ድንቡሼ አጎቴ የወለቀ ጥርስ ይሰበስባል ወይ ትላለች። አባባ ምን ልበልልህ ብለው «ደህና ነው በይው» ብሎ ፊቱን አዞረ። ወዲያው ግን ተመልሶ ብዕሩን ተቀበለኝና አድራሻህን ፖስታው ላይ በገዛ እጁ ጻፈው።

የምትወድህ እህትህ
ከእናትና አባታችን ቤት፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን