ተመልካቹን ላባረሩልን ለስፖርት ስርጭት ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የስፖርት ስርጭት ክፍል ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። የትልልቅ የእግር ኳስ ጨዋታዎች ተመልካች ማሽቆልቆሉን ባለፈው ሰሞን በመግለጫ ሲናገሩ ፊትዎ ገርጥቶ ስላየሁ፣ እንቅልፍ አጥተው እንዳይሆን ብዬ ሰግቻለሁ። ኧረ ይተኙ! እርስዎ ታመው ከወንበርዎ ቢነሱ፣ ይህን ሥራ በእርስዎ ልክ የሚያበላሽ ሰው ከየት ይገኛል?

በመግለጫዎ ተመልካቹን ያጠፋችው «ሪሞት የምትቀማ ሚስት» መሆኗን አስታውቀዋል። ክቡርነትዎ፣ እኔ ላልሠራሁት ሥራ መመስገን አልወድም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ባለቤቴ በያጅ ነው። ጨዋታ በመጣ ቁጥር የስፌት ማሽኔ «ኮሜንታተሩን አላሰማ አለች» ተብላ ከሳሎን ወደ ኮሪደር ከነጓዟ ስትሰደድ ኖራለች። ሪሞት እንኳን ልቀማ፣ የት እንደሚቀመጥም አላውቅ። በዚያ ጠባብ ኮሪደር ጉልበቴ ከግድግዳው እየተጋጨ፣ በደብዛዛ አምፖል የሰው ሰርግ ልብስ ስሰፋ፣ ከሳሎን የሚመጣልኝ ብቸኛ ወሬ «ውሃ!» የሚል ነበር። ስንት ዓመት ጨቅጭቄ ያቃተኝን እርስዎ ሳልለምንዎት አደረጉልኝ፤ እጅዎ ይባረክ። ምስጋናዬንም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ተጫዋቹ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲንደረደር የወለል ሳሙና ማስታወቂያ ስላስገቡልን። ባለቤቴ ጎል መግባቱን ያወቀው ጨዋታውን በሬዲዮ ከሚከታተሉት ጎረቤታችን ጩኸት ነው። ሰውዬው ቆሞ «ገባ እንዴ? ማን አገባ?» እያለ ያንን ሳሙና ሲጠይቅ ባዩት ኖሮ!

፪ኛ/ ኳሱ ከሚንከባለልበት ጊዜ ይልቅ ክራባት ያሰሩት ተንታኞችዎ ስለ ኳሱ የሚያወሩበት ስለበለጠ። አንደኛው «ዛሬ የሚያሸንፈው ብዙ ጎል ያገባው ነው» ብለው ያብራሩ ዕለት ባለቤቴ ወደ ኮሪደሩ ዞሮ «አንቺ፣ ሰማሽልኝ እኚህን ሰውዬ?» አለኝ። በጨዋታ ሰዓት ሲያወራኝ የመጀመሪያው ነው። እኚያን ሊቅ ግንባራቸውን ይሳሙልኝ።

፫ኛ/ ትልቁን ጨዋታ ለሁለት ከፍለው፣ ከእረፍት በኋላ ያለውን ወደ ሌላ ቻናል ስላዛወሩት። ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ይህን ያሰበው? ባለቤቴ ቻናሉን ሲፈልግ ጨዋታው አለቀ። ሪሞቱን ሶፋው ላይ ወርውሮ «ድራሻቸው ይጥፋ!» አለና፣ ማሽኔን ከኮሪደር አንስቶ መስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲመለስ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቁልፍ ይተክልልኛል። ብየዳ የለመደ እጅ ነውና እሱ የተከለው ቁልፍ በመቀስም አይነቀል። ወሬውንማ አይጠይቁኝ! ያገባሁት ሰው እንዲህ ተጫዋች መሆኑን ረስቼው ኖሯል።

፬ኛ/ እዚህ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። «የጠፋ ተመልካች እንመልስ» ብለው ባለፈው ሳምንት ቴክኒሻን ከነትልቅ ስክሪን ቤቴ ድረስ ልከዋል። በነጻ! ካርቶኑን ሳየው፣ እንደገና ወደ ኮሪደር መመለሴ ነው፣ ይኸው ባለቤቴን ልትወስዱብኝ መጣችሁ አልኩ። ቴክኒሻኑ ሳሎኑን ለካክቶ «መስኮቱ ሥር ነው የሚያምረው። ይቺን ማሽን ወደዚያ ብናወጣትስ?» አለ። እኔ ባለቤቴን ቀና ብዬ ማየት እንኳ ፈራሁ።

እሱ ክሩን በጥርሱ በጠሰና «ወንድሜ፣ ሥራ ላይ ነን፣ አይታይህም እንዴ? በሩን ስትወጣ ዝጋው» አለው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ እንዳያሻሽሉ። ማስታወቂያውንም፣ ክራባቶቹንም፣ የቻናል ድብብቆሹንም እንዳለ ያቆዩልን። ችሎታዎን ስለማውቅ አልጠራጠርም።

ውለታዎን ከፋይ ያድርገኝ እያልኩ፣ ወንበርዎ ላይ እስከ ጡረታዎ እንዲያቆይዎት የምትመኝ፣

የጠፋው ተመልካች ባለቤት

ማስታወሻ፦ ትናንት የዋንጫው ፍጻሜ ነበር አሉ። ማን በላው ብዬ ባለቤቴን ብጠይቀው «እነማን ነበሩ የተጫወቱት?» አለኝ። እርስዎም ሳያዩት ቀርተው ከሆነ አይፈሩ፤ ማንም አይታዘብዎትም።