ሁለት ሾፌር ያለው ጀግና

ጥር 21፣ እሁድ፣ 11 ሰዓት

ዛሬም ከተማ አዳንኩ። ድልድይ ሲደረመስ በአንድ እጄ ደግፌ ያዝኩት፣ አውቶብሱ አለፈ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ ወጥቼ ውሃ ጠጣሁ። ደብተሬ፣ ጀግና እንዲህ ነው።

ቦታው የት. ጌም ቤት። ት. ማለት ትርንጎ ናት፤ አንተ ደብተሬ ድንገት ሰው እጅ ብትገባ ብዬ ነው የማሳጥራት። (አሁን ሙሉውን ጻፍኩት። ይሁን።) ወንድሟ ከካርቱም በላከው ፕሌይስቴሽን ነው የከፈተችው። ሌላው ሁሉ ኳስ ይጫወታል። የእኔ ግን ፊልም ነው፤ ፊልሙ እየቆመ ይጠይቅሃል። ጀግናው ቀን ቀን ቢሮ የሚውል መነጽራም፣ ጭምብሉን ሲያጠልቅ የሚበር። ሰው ሲያናግረው አራት መልስ ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ። ከሥር እንደ ጧፍ እያጠረች የምትሄድ መስመር አለች። ሳታልቅ አንዱን መጫን ነው።

እኔ የአማርኛውን እንጂ የፈረንጁን ፊደል ገና አልደረስኩበትም። ት. አጠገቤ ቁጭ ብላ ታነብልኛለች። «ክብ፣ ይቅርታ ጠይቃት! ሦስት ማዕዘን፣ ቀልድባት! መስቀል፣ ዝም በል! ኧረ ቶሎ በል አንት ሰውዬ!» እኔ ሁልጊዜ የምጫነው የሦስት ማዕዘኑን ቁልፍ ነው።

ሁለት ሴቶች አሉ። አንዷ ሐኪም፣ ቁስሉን የምትሰፋለት። ሌላዋ እንደሱ የምትበር፣ ከመዳፏ እሳት የሚወጣ። እኔ እሳቷን ያዝኩ። ት. ሐኪሟ ምን ጎደላት አለች። የትራክተር ሰው ነኝ፣ ሞተር የሌላትን አልችልም አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ ትከሻዬን በጡጫ መታችኝ። ግራውን። አላጠብኩትም። (ውሃም ጠፍቷል።)

ጥር 23፣ ማክሰኞ፣ 11 ሰዓት ተኩል

ጋራዥ ዋልኩ። ሰሊጡ ከገባ ወዲህ ትራክተሮቹ ሁሉ ተኝተዋል። የእኔዋ ካምቢዮዋ ተበትኖ ሸራ ላይ። ወደ ጌም ቤት ስሄድ የመድኃኒት ቤቱን ታፔላ፣ የመጋዘኑን፣ ያገኘሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሰው ዞሮ ያየኛል። ይየኝ። ከማታው ት/ቤት አንደኛ ነው የወጣሁት። (ወ/ሮ ጥሩዬ ትበልጠኝ ነበር፤ ወልዳ ቀረች።)

ጆይስቲኩን ብይዝ ጀግናዬ ሐኪሟ ቤት ራት ይበላል! ሻማ በርቶ! እኔ እኮ ከእሳቷ ጋር ፎቅ አናት ላይ ነው ትቼው የሄድኩ። ማነው የነካብኝ አልኩ። ት. ምንም ሳይመስላት፣ ቲቸር ነው አለች። ሴቩ፣ ጌሙ የቆመበት የሚቀመጥበት፣ አንድ ነው፣ ሌላው ቦታ በኳስ ሞልቷል፣ የፈለገ ካቆመበት ይቀጥላል።

ቲቸር ዮናስ። የደብረ ማርቆስ ሰው፣ እዚህ ከመጣ ሁለት ዓመቱ። ቀን እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ማታ እኛን ሽበታሞችን «ሀ ሁ» አስቆጠረን። ይህን አሁን የምጽፍበትን እጅ ይዞ ያስጀመረኝ እሱ ነው። ለሱ ት. ማንበብ የለባትም። ራሱ ያነባል፣ ለሷም ያስረዳታል። የኔ በርጩማ ላይ ተቀምጦ!

ት. ዝም አትልም። ቲቸር ሐኪሟን ይቅርታ ሲጠይቃት እንዴት እንዳማረ ብታይ አለችኝ። ክብ ነው የተጫነው? አልኩ። ክብ ነው። እሱን እኔም ማግኘት አያቅተኝም ነበር።

ጥር 26፣ ዓርብ

ተበቀልኩ። ሐኪሟ በር ላይ ጀግናውን አስጮህኩት፣ በሩን አስደበደብኩት፣ በሌሊት ወፍ ፍጥነት እሳቷ ጋ በረርኩ፣ ሳምኳት። ት. ምርጫዎቹን እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ ነው ያነበበችልኝ። አንዴም ትከሻዬን በጡጫ አልመታችኝም።

ጥር 28፣ እሁድ

ቲቸር ጠዋት መጥቶ ለሐኪሟ አበባ ላከ።

ይኸውልህ ደብተሬ፣ እኔ የማርሰውን እሱ ይደመድመዋል። ያ ምስኪን ጀግና ምን ይሆናል? ዓርብ ይጮሃል፣ እሁድ አበባ ይልካል። ሴቶቹ እብድ ነው ሳይሉት አይቀሩም። መኪና የሚያነሳ ጉልበት ተሰጥቶት የራሱን ልብ ሁለት ሰው ይነዳዋል።

ቲቸርን መንገድ ላይ አገኘሁት። ጎበዙ፣ ማንበብህን እንዳትተው አለኝ። ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ሆዴ ግን ጎንበስ አላለም።

የካቲት 1፣ ረቡዕ፣ 10 ሰዓት

ሙቀቱ ዛሬ ድንጋይ ያቀልጣል። መብራት ሄደ። ሦስታችንም ከጌም ቤቱ ወጥተን ደጁ ካለው ዳስ ሥር ተቀመጥን፣ እኔ፣ ት.፣ ቲቸር። አገሩን ጠየቀችው። ቤታቸው ከወንዝ ይርቃል ወይ፣ እናቱ አለች ወይ፣ ብርዱን እንዴት ትችሉታላችሁ። እኔን እዚህ ኮኪት በኖርኩበት ስድስት ዓመት ውስጥ ትንኙ እንዴት ነው ብላ አልጠየቀችኝም።

ሳቋን ቆጠርኩ። አዎ ቆጠርኩ። በእኔ ሰባት ጊዜ፣ በሱ አራት። ግን የሱ አራቱ ረጃጅም ናቸው። በእኔ ስትስቅ ወደ መንገዱ እያየች ነው፤ በሱ ስትስቅ ወደሱ። ይኼን ማን አስተምሮ ያውቃል፣ ቅናት ለካ ዓይን ያበራል። ንስር ሆንኩ።

አንድ ቀልድ ጣልኩ፣ ስለ ጎጃም በቆሎ። ቲቸር ራሱ ነው አብልጦ የሳቀው። ጨዋ ሰው ነው። ጨዋ ባይሆን ምናለ።

የካቲት 4፣ ቅዳሜ፣ 12 ሰዓት

ደብተሬ፣ ያዘኝ።

ቲቸር ጠራኝ፣ ቤቱ። አንዲት ክፍል፣ አልጋ፣ መጽሐፍ። ከርከዴ አፍልቶ ቀዳልኝ። መልካሙ፣ እኔ እዚህ አገር ዘመድ የለኝም አለ። አልኩ በሆዴ፣ ገንዘብ ሊበደር ነው። አይደለም። ለትርንጎ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ጾም ሳይገባ። አባ ቢያድግልኝን፣ የት/ቤቱን ዘበኛ፣ ለምኗል። ሐጂ ኢድሪስን፣ ባለ ሱቁን፣ ለምኗል። ሦስተኛ ጎደለው። አባቷ አቶ አለባቸው አንተን ይወዱሃል፤ ደግሞ አንደበትህ ርቱዕ ነው፣ አንተ ከተናገርክ ይሰማል አለኝ።

ለሷ ነግረሃታል ወይ አልኩ። አልነገረም። በወጉ፣ ከአባት ይጀመር ብሎ።

ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? «ምን ችግር አለ ቲቸር! ለሌላ ሰው ብትሰጠው ነበር የምቀየምህ!»

ርቱዕ አንደበት ሲለኝ እኮ ነው። አመሰገነኝ፣ በቃ፣ አበጥኩ። በሰው ምስጋና ላይ ወጥቼ የራሴን ቤት አፈረስኩ። ዶሮ እንኳ ቢላዋውን ራሷ አትስልም።

የካቲት 5፣ እሁድ፣ 9 ሰዓት

ሄድን።

አባ ቢያድግልኝ ከፊት በዘንጋቸው፣ ሐጂ በነጭ ጀላቢያ፣ እኔ ከኋላ በተዋስኩት ኮት። አቶ አለባቸው ዛፍ ሥር አልጋቸው ላይ። ተቀመጡ ቢሉን ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን። አባ ቢያድግልኝ ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጀመሩ። ሐጂ፣ ሰውየው አራት ዓይና ነው፣ ጠላት የለውም አሉ።

አቶ አለባቸው ወደኔ ዞሩ። «እነዚህስ የዕድሜያቸውን ተናገሩ። አንተ አብረኸው ትውላለህ። እውነቱን ንገረኝ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ውሸቱን አዘጋጅቼ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ። ደብረ ማርቆስ ሚስት አለችው ልል። አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ አንቀጽ፣ እሱ ባስተማረኝ መልክ የተሰካች። ምላሴ ጫፍ ላይ ናት።

ያ ቀን መጣብኝ። ሰሌዳው ፊት ቆሜ የራሴን ስም መጻፍ አቅቶኝ ላብ ሲያጠምቀኝ፣ ክፍሉ ሲያውካካ፣ ቲቸር ጠመኔውን አስቀምጦ በሩን ከፈተና የሚስቅ ይውጣ አለ። ማንም አልወጣም። ማንም ከዚያ ወዲያ አልሳቀም። ይህንኑ ነገርኳቸው። እንዲህ ያለ ሰው ነው አልኩ። ድምፄ ተሰበረ። ሐጂ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ ለቲቸር ፍቅር መስሏቸው።

አቶ አለባቸው ልጅቷን ልጠይቅ፣ የዛሬ ሳምንት በቅበላ ከቀኑ 8 ሰዓት ኑ አሉ። ያኔ ተቀመጥን። ት. ብርጭቆ ይዛ ወጣች። ለአባ ሰጠች፣ ለሐጂ ሰጠች። የኔን መሬት አስቀምጣው ገባች።

የካቲት 8፣ ረቡዕ፣ 11 ሰዓት

ጌም ቤት ገባሁ። ባልገባ ይሻለኝ ነበር።

ት. ብድግ አለች። «እንዴት ዋሉ አባባ ሽማግሌ። ይቀመጡ፣ ወገብዎን ያምዎት ይሆናል።» ኳስ ተጫዋቾቹ ሳቁ። እኔም ልስቅ አስቤ ፊቷን አየሁት፣ ተውኩት። አንቺ ምነው አልኳት። «ለእርስዎ አንቱ ነው እንጂ የሚገባ፤ አገር አስታራቂ፣ ሴት አጋቢ።»

አፌን ለመያዝ ጆይስቲኩን ያዝኩ። ታሪኩ ጫፍ ደርሷል። ሕንፃ ይቃጠላል። ሐኪሟ በአንድ መስኮት፣ እሳቷ አቅሟ አልቆ በሌላው። ጀግናው መሐል ይንሳፈፋል። አራቱ መልስ መጣ። ጧፏ መስመር ማጠር ጀመረች።

ት. አልተቀመጠችም። ከኋላዬ ቆማለች። አንብቢልኝ እንጂ አልኩ። ት.፣ እያለቀ ነው! «ያንብቡ እንጂ። አንደኛ ወጥቻለሁ ሲሉ አልነበር?»

የፈረንጁን ፊደል እንደ ጉንዳን ሰልፍ አየሁት። አንድም አላወቅኩ። ክቡን ልጫን? ክቡ ዛሬ ይቅርታ ነው ወይስ ሌላ? ፈራሁ። ድልድይ በአንድ እጁ የያዘ ሰው አውራ ጣቱ ከዳው። መስመሯ አለቀች። ጀግናው ዝም ብሎ ቆመ። ሁለቱም ሴቶች አዩት። አሁን ድረስ አስተያየታቸው ይታየኛል። ሐኪሟ በራሷ ገመድ ወረደች፣ እሳቷ እየተንገዳገደች በረረች፣ ማንም ዞር አላለም።

ት. ቴሌቪዥኑን ዘጋችው። ኳስ ተጫዋቾቹ ሳይሰሙ፣ አንቱታውን ትታ፣ ቀስ ብላ አለችኝ፦ «ከመስከረም ጀምሮ እዚህ ተቀምጠህ ስትቀልድ፣ አንድ ቀን የልቡን ይናገራል ብዬ ነበር። ተናገርክ። ለሰው።»

ጆይስቲኩን አስቀመጥኩት።

«ቲቸር ክፉ ሰው አይደለም መልካሙ። እሺ ብለው አልጎዳም። እወቀው።»

የካቲት 11፣ ቅዳሜ

ሦስት ቀን አልጻፍኩብህም። ዛሬ ጻፍኩ፣ ሦስት ገጽ፣ ለሷ። ቀደድኩት። ቅር አይበልህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌ ሆኖ ሄዶ ለራሱ የሚጠይቅ ሰው በዚህ ቆላ ስም የለውም። ሽንፋም ኮኪትም ይዘፈንብኛል፤ አጫጆቹ ግጥም ለመግጠም እንቅልፍ የላቸውም። አባ ቢያድግልኝ ዘንጋቸውን ያነሱብኛል። ሐጂ በሱቃቸው አያሳልፉኝም። ዝም ካልኩ ደግሞ ነገ ስምንት ሰዓት ተሰልፌ ሄጄ፣ እሺ ስትል ሰምቼ፣ እልል ልል ነው። ሚዜም ያደርገኛል፤ ዘመድ የለውማ።

ቲቸርን ልጠላው ሞከርኩ። አካሄዱን ጠላሁ፣ ብዕር ኪሱ ላይ የሚሰካበትን ጠላሁ፣ «ጎበዙ» ሲለኝ ጠላሁ። ወዲያው ደግሞ ይህን የጥላቻ መዝገብ በማን ፊደል ነው የምጽፈው እላለሁ። አልሆነም። ቅናቱ ግን ቁጭ ብሏል፣ የትራክተር ማረሻ ዲስክ የማይገለብጠው ድንጋይ።

እሺ ብለው አልጎዳም አለች። እሺ እላለሁ አላለችም። ወይስ ይህን የምለው ማሰሪያ አንቀጽ ፍለጋ ነው?

የካቲት 12፣ እሁድ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል

የቲቸር በር ላይ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፤ ጎረቤቱ አሁን ይመጣል አለችኝ። የተዋስኩትን ኮት መልሻለሁ። አባ ቢያድግልኝ ቤት በ12 ሰዓት ደርሼ ነገርኳቸው። ሰደቡኝ። አንድም አላስቀሩ። በመጨረሻ፣ ለኔ የነገርከኝን ለሱ ሳትነግር ወደዚያች ልጅ ደጅ ብትጠጋ እግርህን እሰብረዋለሁ አሉ። ትክክል ናቸው።

ወደ ት. አልሄድም፣ መጀመሪያ። ወደ አባቷም። መጀመሪያ ሰውየው ፊት። ሊመታኝ ይችላል። ቢመታኝ ጥሩ ነበር፤ አይመታም፣ አውቀዋለሁ፣ ያችን የሰሌዳ ቀን ዓይኑን ያሳየኛል፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ከዚያ በኋላ እሷ ማንን እንደምትል እሷ ታውቃለች። እሱን ልትል ትችላለች። ቢያንስ ሁለታችንንም ሰምታ ትላለች።

የምለውን ጽፌ ላነብለት አስቤ ነበር፣ በሚያምር ጽሕፈት፣ ያስተማርከኝ ይኸው ብዬ። ጉራ ነው። በአፌ ነው የምነግረው። ቀልድ ሳልጨምር። «ቲቸር፣ ከሽማግሌነቱ አውጣኝ፤ እኔም እፈልጋታለሁ። ትናንት ሳይሆን ከስንት ጊዜ ጀምሮ። ያን ቅዳሜ ቤትህ ስትጠይቀኝ መናገር ነበረብኝ፣ ፈራሁ።»

ነጠላውን አጣፍቶ በማዶ ይመጣል። አይቶኛል። እጁን አነሳልኝ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ፣ መልሱን ቀድሜ ሰምቼ የመጣሁለት መስሎት።

ልነሳ