የፕላስቲክ ግፊት ስለለካችሁልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የዓይን ሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፤

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወንበሩስ ተመችቶዎታል? እኔ፣ በሆስፒታልዎ ሰው ሠራሽ የዓይን ብሌን የተተከለለት የልብስ ሰፊው ታላቅ እህት፣ ደህና ነኝ፤ ወንድሜ ግን ደህና ስላልሆነ፣ ይህንኑ በአደባባይ ስጽፍልዎ ድፍረቴን ይቅር እንደሚሉኝ አልጠራጠርም።

፩. አስቀድሞ ምስጋናዬ ይድረስዎ። አንድ ዓይኑ በልጅነቱ ጠፍቶ በሁለተኛውም ጭጋግ ብቻ ሲያይ የኖረው ወንድሜ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መርፌ ላይ ክር በራሱ ሲያስገባ አይቼ እንደ ሕፃን አልቅሻለሁ። ሥራውን የሠሩት ሐኪም ሲያሰናብቱን፣ ብሌኑ ፕላስቲክ ስለሆነ ከፍ ሲል የዓይንን ነርቭ የሚገድለው የዓይኑ የውስጥ ግፊት በተለመደው መሣሪያ እንደማይለካ፣ በዓይኑ ቆብ ላይ በጣት እየተዳሰሰ ብቻ እንደሚታወቅ ለእኛም ለሠራተኞችዎም ነግረው ነበር። ምን ያደርጋል! እርስዎ ሐኪሙን ወደ ሌላ ከተማ አዛወሩና ተተኪ መመደቡን ረሱት።

፪. በክትትል ክፍሉ የተገኙት ባለሙያ መሣሪያውን ፕላስቲኩ ላይ ደግነው የፕላስቲኩን ግፊት ለኩ፤ ፕላስቲኩም፣ እግዜር ይስጠውና፣ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ወንድሜ ግንባሩን ይዞ እያቃሰተ ግራና ቀኙ እየጨለመበት መሆኑን ሲናገር፣ አዲስ ስለሆነብህ ነው፣ ትለምደዋለህ ተባለ። በጣት ይዳሰስልኝ ብዬ ብለምን፣ ሐኪም ነሽ ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ። አይደለሁም። እዚያ ክፍል ውስጥም አንድም እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

፫. የተዛወሩትን ሐኪም ተከትለን ሄድን። ገና በሁለት ጣታቸው ነካ ሲያደርጉት ፊታቸው ተለወጠ፤ ዓይኑ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። ጠብታ ሰጡት፣ ግፊቱን የሚያስተነፍስ ቀጭን ቱቦ አስገቡለት፤ የሞተው ነርቭ ግን አይመለስም። ዛሬ ወንድሜ የሚያየው በቧንቧ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው፤ መቀሱን ሲያገኝ ጨርቁ ይጠፋዋል። ይህን ስናሳውቅዎ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙልን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ልመናዬ አንድ ነው። ያ ከተማ ሩቅ ነው፤ ግፊቱ ደግሞ መንገደኛ አይጠብቅም። ይቺ የተረፈችው ብርሃን ከጠፋች ወንድሜ ሌላ ዓይን የለውም። በጣቱ የሚዳስስ ሐኪም ይመድቡልን፤ ጣት እንደሁ ጨረታ አያስፈልገውም።

እግዜር ትዕግሥት እንዳላጎደለብዎ ሁሉ ጥቂት እፍረትም እንዲጨምርልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

የልብስ ሰፊው እህት

ማስታወሻ፦ ወንድሜ በሆስፒታሉ የምሥረታ በዓል ላይ ብርሃኑ እንደተመለሰለት እንዲመሰክር የላኩት ጥሪ ዛሬ ደርሶናል። በደስታ ይመጣል፤ የሚናገረውንም ራሱ ያውቃል። አደራዎን፣ ክቡርነትዎ ዳር እንዳይቀመጡ፤ ፊት ለፊቱ ይሁኑ። ዳር ያለ ሰው አይታየውም፤ ሲናገር ደግሞ የእርስዎን ፊት ማየት ይፈልጋል።